ያጋጠምኩት ገመድ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምናገረው ስለማታውቁኝ ይሆናል።

በደርግ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የሬዲዮ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሥራውን ያስተማሩኝ አለቃዬ ጋሼ ዘውዴ ናቸው። ኃይል ከማሠራጫው ተነሥቶ በገመድ ወደ አንቴናው እንደሚሄድ፣ ገመዱ ከተበላሸ ግን ከፊሉ ተመልሶ ማሠራጫውን እንደሚያቃጥል ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። «መጋጠሚያውን ውኃ እንዳያገኘው አጥብቀህ ሸፍን» ይሉኝ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ገመዱን የቀጠልኩት እኔ ነኝ። ዝናቡ ሲያጣድፈኝ ሳልሸፍነው ከአንቴናው ማማ የወረድኩትም እኔ ነኝ።

ማሠራጫው ተቃጠለ። ያን ጊዜ ዕቃ እንዲሁ አይበላሽም፤ አሻጥረኛ ይፈለግለታል። አብረን ሻይ የምንጠጣ ሰዎች በጎሪጥ መተያየት ጀመርን። እኔም ዘበኛው ከማማው ስወርድ አይቶኝ ይሆን እያልኩ ሰላምታውን ሁሉ እጠረጥር ነበር። በመጨረሻ ካድሬው ጋሼ ዘውዴንና እኔን አስጠራን። ጋሼ ስለሚመለሰው ኃይል አስረዱት።

«ወጥቶ የሄደ ኃይል ይመለሳል?» አለ ካድሬው። «ማነው የሚመልሰው?»

«ማንም አይመልሰውም ጓድ፤ የገመዱ ብልሽት ነው። እሱም ያውቃል፣ ይጠይቁት» አሉ ወደ እኔ እያዩ።

ታዲያ ምን አልኩ? «እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም» አልኩ። ፈርቼ ነው ልበል? አዎ ፈርቻለሁ። ግን ዝም ማለት ስችል ማን አናገረኝ? ጋሼን ከዚያው ወሰዷቸው። እኔ በማግስቱ ማማው ላይ ወጥቼ ውኃ የቋጠረውን መጋጠሚያ ቆርጬ ጣልኩት። ባለቤታቸው ስንቅ ይዘው በደጄ ሲያልፉ መስኮቴን እዘጋ ነበር።

ጋሼ ከዓመታት በኋላ ተፈትተው አሥራ ስምንት ማዞሪያ ታክሲ ስጠብቅ አገኙኝ። ጥርሳቸው ረግፏል። ልሸሽ ስል አቅፈው ሳሙኝ።

«አልተቀየምኩህም፣ ልጄ» አሉኝ። «በደንብ ሳላስተምርህ ምስክር ሁነኝ ማለቴ የእኔ ጥፋት ነው።»

ከልባቸው ነበር? ወይስ ሁሉን አውቀው ከአፌ እስኪወጣ እየጠበቁኝ? ዓይናቸውን አየሁ፤ አልለየልኝም። ታክሲው መጣ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» ብዬ ተሳፈርኩ።

አሁን በሕይወት የሉም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም። ጋሼ ዘውዴ በደንብ አስተምረውኛል። አውቅ ነበር።