ወፍራም ቃጫ

ያንን ሰው ጠልቼዋለሁ። ዛሬም ቃሉን ላለዝበው አልፈልግም። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ብዙ አልቆየችም ነበር፤ ቢሮዎች ይከፈታሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ወንበር ላይ የሚቀመጠውም በየጊዜው ይለዋወጣል። እኔና እሱ የምንሠራው ባሮ ዳር ባለው ችግኝ ጣቢያ ነበር። ለጣቢያው አንድ ኃላፊ ይበቃዋል ተባለ፤ ከሁለታችን አንዱ ይሾማል፣ ሌላው ይሰናበታል። እሱ የከተማው ተወላጅ ነው፣ እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ገበሬ ሴት ልጅ ነኝ። ብባረር ወደ አባቴ ማሽላ መመለሴ ነበር።

በዚያው ሰሞን የችግኝ ፕላስቲክ አለቀ። ያመጣልን የነበረው ፕሮጀክት ተዘግቶ የማንጎው ችግኝ መያዣ አጣ። ሰፈራ ጣቢያ ሳለን አኩሪ አተር ይታደለን ነበር፤ የአኩሪ አተር ወተት ሲፈላ ላዩ ላይ የሚይዘው ስስ ቆዳ ሲደርቅ ወረቀት እንደሚመስል ከዚያ አውቃለሁ። በሱ የችግኝ ከረጢት እሠራለሁ ብዬ ለቢሮው ነገርኩ። ብቻውን ግን ይሰባበራል። ስለዚህ የበቆሎ ሽፋን በአመድ ቀቅዬ፣ ቃጫውን ወቅጬ፣ ወተቱ ውስጥ ቀላቀልኩና ለጥ ባለ ቆርቆሮ ላይ አፍስሼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ያ ተፎካካሪዬ በዚያ ሲያልፍ ከደረቁት አንዱን አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው።

«ቃጫሽ ወፍራም ነው» አለኝ። «የሚቀደደው ቃጫው አጠገብ ነው። እንደ ሙቅ እስኪሆን ውቀጪው።»

«ሙቅ ካማረህ ቤትህ ሂድ» አልኩት።

ልክ መሆኑ ወዲያው ገብቶኛል። ያንገበገበኝ ከእሱ አፍ መውጣቱ ነው። ደግሜ አልወቀጥኩትም። የቢሮው ሰዎች ሊያዩ በመጡ ቀን አፈር ስሞላበት ከረጢቱ ከየቃጫው ሥር ተተረተረ። ሁሉም ፊት እሱን በጣቴ አመለከትኩትና «ውሃ ረጭቶበት ነው» አልኩ። ሐሰት መሆኑን እያወቅሁ ነው ያልኩት።

የቢሮው ኃላፊ ሳቀ። «አሁን ደግሞ ውሃ መጣ? በይ፣ እስቲ እሱ ይሞክር። በሁለት ሳምንት እናያለን።»

ሁለቱን ሳምንት ሙሉ ሲወቅጥ ሰነበተ። የሙቀጫው ድምፅ ራሴን ያዞረኝ ነበር። ይወቅጣል፣ ያጥባል፣ በጨርቅ ያጠልላል፣ እንደገና ይወቅጣል፤ በመጨረሻ ቃጫው ለዓይን ጠፋ። ቅዳሜ እሱ ከወጣ በኋላ የሠራውን ከረጢት በሁለት እጄ ጎተትኩት። አልተቀደደም። አፈር ሞላሁበት፤ ቻለ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

እሑድ ጠዋት እሱ ቸርች ነበር። የመዝሙራቸው ከበሮ ጣቢያው ድረስ ይሰማል። ከረጢቶቹን ባልዲ ውስጥ ነክሬ፣ እርጥባቸውን ጠቅልዬ፣ በኬሻ ሸፈንኳቸው። የቀረውን ሙቀቱ እንደሚጨርሰው አውቄያለሁ።

ሰኞ የቢሮው ሰዎች ፊት ኬሻውን ሲገልጠው ሽታው ወደ ኋላ መለሳቸው። ቆዳው እጁ ላይ ተዝለገለገ። በጣቱ ፈተገውና «ውሃ ነክቶታል» አለ።

«በዚህ ሰበብ እሷ ቀድማሃለች» አለው ኃላፊው። ሰዎቹ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እሱም አየኝ። ማን እንዳደረገው ገብቶታል።

«ቃጫው ወፍራም ሆኖ ይሆናል» አልኩ።

ሥራው ለእኔ ሆነ። ከወር በኋላ ጥቁሩ ፕላስቲክ ተመልሶ መጣ፤ ስለ አኩሪ አተር ከረጢት ያነሳ ሰው የለም። እሱ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ አልተሰናበተኝም፤ እኔም ቀና ብዬ አላየሁትም። ሙቀጫውን ብቻ ትቶት ሄደ። ላጥበው ብዬ እጄን ሰደድኩበት። ሥሩ ላይ የቀረው ቃጫ እንደ ሙቅ የላመ ነበር።