ሳህኑን የምታወጣው ሴት

ጂንግ ሹላን በቻይና፣ በታይሃንግ ተራሮች ሥር ባለ የወረዳ ሆስፒታል አሥራ ስምንት ዓመት የቀዶ ጥገና ክፍል ረዳት ሆና ሠርታለች። ከሰው ደረት የወጣ ዕጢ መጀመሪያ ለቤተሰብ ይታያል፤ ሳህኑን ይዛ እስከ በሩ የምትወጣው እሷ ናት። ደም አስጠልቷት አያውቅም። ጎድን በስንዝር የሚሰነጠቅበት ዘመን አልፎ፣ በጣት ስፋት ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መቀሶች ሲገቡ፣ የሟሸሸው ሳንባ ሥራው ሲያልቅ በስክሪኑ ላይ እንደ ንጋት ደመና ተመልሶ ሲነፋ፣ ዛሬም ትንፋሿን ይዛ ታያለች።

የሚያስጠላት በሩ ላይ የሚጠብቀው ሰው ነው።

የዚያን ቀን የወጣው የእማማ ቾንግ የምግብ ቧንቧ ነበር፤ ሰባ ዓመት ትኩስ የበቆሎ አጥሚት የወረደበት፣ መሃሉ ላይ ያበጠ። እማማ የገቡት «ቁስለት ነው» ተብለው ነው። እዚያ ካንሰር ለታማሚው አይነገርም።

«ይሄ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ?» አለ ልጃቸው ዴቻንግ፣ ስልኩን ሳህኑ ላይ ደቅኖ። ባትዛመደውም ሹላንን እንደ አገሩ ወግ «አክስቴ» ይላታል። «አክስቴ፣ የአሳማ አንጀት እያሳየሽን እንዳይሆን። እስቲ ገልበጥ አድርጊው።»

«ቀረብ አድርገህ አንሳው» አለች ሚስቱ እየሳቀች። «አጎትህ ዓይኑ ደክሟል።»

«ለማን ነው የምታነሳው?» አለች ሹላን።

«ለቤተሰብ ግሩፕ። ልኬዋለሁ፤ የእማዬ ካንሰር ብዬ።»

«እናትህ ግሩፑ ውስጥ የሉም?»

ዴቻንግ የግሩፑን ስልሳ ስም ወደ ታች ገፍቶ አየ፤ የእናቱም አለ።

«ሁለት ደቂቃ ሳይሞላው ካጠፋኸው ከሁሉም ስልክ ይጠፋል። አሁኑኑ አጥፋው።»

«ቆይ፣ አጎቴ ስንት ኪሎ ነው ብሎ ጠይቋል። ልመልስለት።»

እየሳቀ መለሰ። ሁለቱ ደቂቃ አለፈ። ሹላን ሳህኑን ሸፍና ገባች፣ እጇንም ሦስት ጊዜ ታጠበች። ያቀፈፋት ግን ከእጇ ላይ አልነበረም።

ዴቻንግ የእናቱን ስልክ አጥፍቶ ኪሱ ከተተ።

በሦስተኛው ቀን እማማ ነቃ ብለው ስልካቸውን ጠየቁ።

«ተበላሽቷል፣ እማዬ» አለ ዴቻንግ። «አይደል፣ አክስቴ? ውሃ ገባበት።»

ሹላን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። በልጁ ውሸት ራሷን መነቅነቋ ከአፏ የማይወጣ መራራ ነገር ሆነባት። እሱ ሲጋራ ሊያጨስ ሲወጣ እማማ በቀጭን ድምፅ «የአንቺን አውሺኝ፣ ልጄ። እህቴን አንዴ ላናግራት» አሉ።

እህትየዋ ግሩፑ ውስጥ አለች። ሹላን ስልኳን አውጥታ እጇ ውስጥ ያዘችው፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«ከእህትዎ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት፣ እማማ። ቁስለት አልነበረም።»

እማማ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ስልሳ ሰው። ልጅዎ ቪዲዮ ልኮላቸዋል።»

«ከሆዴ የወጣውን?»

«ከደረትዎ።»

እማማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በኮሪደሩ የዴቻንግ ጫማ ድምፅ መጣ።

«ተኝታለች በይው» አሉ። «ነገም።»