የካሳራኒው የጳጉሜን ዝናብ

ባለቤቴን የሚያውቁት ሁሉ ደግነቱን ያነሣሉ። እኔን የሚያስቀኝም የሚያስለቅሰኝም ግን በሩፋኤል ዕለት ከሰገነታችን ያዘንበው የነበረው ዝናብ ነው።

ጳጉሜን የክረምቱ ማብቂያ ናት። በአገራችን በሩፋኤል ዕለት ልጆች እንዲያድጉ ደጅ ወጥተው ዝናብ ይጠመቃሉ። ናይሮቢ ግን በዚያ ሰሞን ጠብ አይልባትም። ስለዚህ እሱ የአበባ ማጠጫውን ሞልቶ፣ ካሳራኒ ካለው ቤታችን ሰገነት ላይ ሆኖ፣ ከታች በሚንጫጩት የጎረቤት ልጆች ላይ ያርከፈክፍ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ በስንት መከራ የቀዳሁትን ውኃ ጨረስከው እኮ!» እለዋለሁ።

«ሳምንት እንኳ ለማትሞላ ወር ትሰስቻለሽ?» ይለኛል። በመጨረሻም የተረፈችውን ጠብታ ራሴ ላይ ያራግፋታል፤ «በይ፣ አንቺም እደጊ» እያለ።

ዘንድሮ ያለ እሱ የመጀመሪያው ሩፋኤል ነው። ማጠጫው ከተሰቀለበት ሳይወርድ ረፈደ፤ እኔም በሬን ዘግቼ ተቀመጥሁ። በኋላ ከታች ጩኸት ሰማሁ።

«ሾሾ! ምቩዋ ኢኮ ዋፒ?» አያታችን፣ ዝናቡ የታለ ማለታቸው ነው።

ተነሥቼ ማጠጫውን ሞላሁና አዘነብሁላቸው። እየዘለሉ ሲጮኹ እኔም ሳቄ መጣ። የመጨረሻዋ ጠብታ ስትቀር ግን ማጠጫውን እንደያዝሁ ቆምሁ፤ የሚያራግፍልኝ የለም። ደረጃውን ወርጄ ማጠጫውን ከልጆቹ ለትንሿ ሰጠኋት። በእግሯ ጣት ቆማ ብትንጠራራም ራሴ ጋ አልደረሰችም።

ጎንበስ አልሁላት።