ያልጻፍኩት የእትዬ ደብሪቱ ቃል

«እዚህ ቤት ለሥራ ነው የመጣሽው። አልቅሰሽ ከጨረስሽ ፊትሽን ታጠቢና እንግዶቹን አስተናግጂ» አለችኝ እትዬ ደብሪቱ፣ እናቴ ሆሞሻ ከተማ መሞቷን በሰማሁበት ጠዋት።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴም ጭምር። እናንተ ስሙኝ።

እትዬ የአባቴ እህት ናት። አስተምራታለሁ ብላ አሶሳ አመጣችኝ፤ አስተምራኛለች፣ አልዋሽም። እናቴን ግን አላስቀበረችኝም። ሚኒባስ ተሳፍሬ የምደርስበት ቦታ ነበር። እሷ ግን ያን ቀን የማኅበር ተረኛ ነበረች። በፊቷ አንቱ እላት ነበር፤ እዚህ አልላትም።

ልጇ አልማዝ ጴንጤ አግብታ ባምባሲ ስትገባ፣ እትዬ በሽማግሌዎች ፊት «ሬሳዬን እንዳታይ!» ብላ ማለች። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ መሐላ የማለችው ራሷ ካላነሳችው ልጅቷ የለቅሶውን አጥር አታልፍም።

ኋላ እትዬ ታመመች። ፊደል አትቆጥርም፤ አጠገቧ አስቀምጣ አጻፈችኝ። የት እንደምትቀበር፣ ማን እንደሚገንዛት፣ ድንኳን እንዳይተከል፣ የግቢው ማንጎ ጥላ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ድምጿ ተቆራረጠ።

«መሐላዬን ለአልማዝ አንስቻለሁ በይ። ትምጣ። ፊቴን እሷ ትሸፍነው።»

«ለምን አሁን ራስዎ ለሽማግሌዎቹ አይነግሯቸውም?»

«እኔ ደብሪቱ፣ በቁሜ ቃሌን ላጥፍልሽ? ስሞት አንብቢላቸው።»

አልጻፍኩትም። አንብቢልኝ ስትለኝ ግን ያልጻፍኩትን እንደተጻፈ አድርጌ አነበብኩላት። አለቀሰች። አውራ ጣቷን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብቼ አስፈረምኳት። እኔ ነኝ። በገዛ እጄ ነው። ልጅ ነበርኩ ልበል? አልነበርኩም። ረሳሁት ልበል? እያወቅሁ ነው የዘለልኩት፣ ደስ እያለኝ። እናቴን ያላስቀበረችኝ ሴት ልጇ እንዳትቀብራት አደረግሁ። አልማዝ ምን በድላኝ ነበር? ምንም። እዚያ ቤት ፀጉሬን የሠራችኝ እሷ ብቻ ናት። ይህንንም እያወቅሁ ነው ያደረግሁት። እትዬን ዛሬም ይቅር አላልኳትም፤ እኔንም ይቅር በሉኝ አልልም።

በሞተች ዕለት ማንጎው ሥር ለሽማግሌዎቹ አነበብኩ። ስጨርስ አንዱ አዛውንት ቀና አሉ።

«ስለ ልጅቱስ?»

«የለም» አልኩ።

ሴቶቹ ሊገንዟት ገቡ።

አልማዝ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች፣ አዲስ አቡጀዲ ታቅፋ። ስወጣ እጄን ያዘችኝ።

«እህቴ፣ ስታጣጥር እንኳ ስሜን አልጠራችም?»

«አልጠራችም።»

«እሺ፤ ይኼን ደርበሽ አልብሺልኝ። ከእኔ ነው አትበያቸው።»

ተቀበልኳት። አጥሩ ላይ ጣል አደረግሁት። ቀብሩን ሳልጠብቅ ቦርሳዬን አንስቼ የሆሞሻ ሚኒባስ ፍለጋ ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።