ስም የሌለው አግዳሚ

አንድ ቦታ መርጋት አልችልም። ሻይ እንኳን ቆሜ ነው የምጠጣው። ባሌ «ምን ያቁነጠንጥሻል?» ይለኛል። መልሱ አባቴ ነው።

አባቴና እናቴ ከወሎ ወደ ቴፒ የወረዱት ለአንድ የቡና ለቀማ ብቻ ነበር። ለቀማው አለቀ፣ መንገዱ ጭቃ ሆነ፣ እስኪደርቅ ብለው መመለሻቸው ላይ ሚዛን ከተማ ቁርስ ቤት ከፈቱ። አባቴ በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ለጊዜው ቁርስ ቤት» ብሎ ጻፈ። ሰው ሲስቅ ይገርመው ነበር፤ እሱ እንደሆነ የምሩን ነው። «ዝናቡ ሲያባራ እንሄዳለን» ይል ነበር። ዓመቱን ሙሉ የሚወርደውን የሚዛንን ዝናብ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይሳቅ። መንግሥት ተለወጠ፣ እኔ ተወለድኩ፣ ትምህርት ቤት ገባሁ፤ እኛ ግን አሁንም ልንሄድ ነበርን። የክት ልብሳችን ከሣጥን ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አያውቅም። እናቴ ጓሮ ቡና ልትተክል ስትነሳ «ቡና ሦስት ዓመት ይፈልጋል፤ ያኔ የት እንደምንሆን ማን ያውቃል?» ይላታል። ይህን እያለ ስንት ሦስት ዓመት አለፈ። እኔን የሰፈሩ ልጆች «የለጊዜው ልጅ» ይሉኝ ነበር፤ በዚህ የተነሳ ስንቱን በጥፊ ብያለሁ!

እናቴን ግን ከቡናውም ከልብሱም በላይ እንቅልፍ የሚነሳት ዕድር ነበር።

«ዕድር የሚገባ እዚህ የሚሞት ሰው ነው» ይላታል አባቴ።

«ሞት አገር መርጦ ነው የሚመጣው? ነገ አንዳችን ብንወድቅ ማን ያነሳናል? ውሻ እንኳን ሰፈር አለው» ትለዋለች። ከዚያ አንዱ ወደ ጓዳ፣ አንዱ ወደ ደጅ ይሄዳሉ። ይህ ጭቅጭቅ ከፉሉ ጋር በየጠዋቱ የሚቀርብ ነበር።

ወደ አማን በሚወስደው መንገዳችን ላይ እንደኛ ቤት የሚያስቅ ስም ሞልቶ ነበር። ልብስ ሰፊው ሱቁን «ለካ» ብሎታል፤ እሱ ይለካል፣ ሱሪው ሲያጥር ደግሞ ደንበኛው «ለካ!» ይላል። ሥጋ ቤቱ «የሥጋ ዘመድ» ነው። ጠጅ ቤቱ «ሚስቴ እንዳትሰማ» ይባላል፤ ባለቤቷ ግን ሴት ናት፣ ስሙንም ያወጣችው ራሷ ናት። ከጅማ በኩል የመጡት ሙስሊም ሽማግሌ ሻይ ቤታቸውን «አትቸኩል» ብለውታል፤ እውነትም ሻያቸው አይደርስም።

እነዚህ ስሞች በር ላይ ብቻ አልነበሩም። እያንዳንዱ ቤት በአግዳሚዎቹ የፊት ጣውላ ላይም ስሙን ይጽፋል። አግዳሚ ለሠርግ ይሄዳል፣ ለለቅሶ ይሄዳል፤ ስም ከሌለው ተቀላቅሎ ይቀራል። የእኛ አግዳሚዎች ባዶ ነበሩ። አባቴ «የሚሸጥ ዕቃ ላይ ስም አይጻፍም» ይላል። ስለዚህ ለማንም አላዋሰም፣ ከማንም አልተዋሰም። በዚህ ይኮራ እንደነበር ሳስበው አሁንም ያናድደኛል።

አንድ ቀን ቡና ጭኖ የሚመላለስ፣ የአገራችን ሰው የሆነ ሾፌር ቁርስ ሊበላ ገባ። ሌላ ጊዜ የወሎን ወሬ እያወራ የሚበላው ሰውዬ ያን ቀን አቀርቅሮ በልቶ ወጣ። ቀጥታ የሄደው ወደ «አትቸኩል» ሽማግሌ ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌው ከፊት፣ የመንገዱ ጎረቤት ሁሉ ከኋላ ሆነው በራችን ላይ ቆሙ። አባቴ ከሰል እያራገበ ነበር። በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

«እናቴ ናት?» አለ።

«አላህ ያጥናህ ልጄ» አሉት ሽማግሌው።

እናቴ ጮኸች። ግማሹን ለአማቷ፣ ግማሹን ለውርደቱ እንዳለቀሰች ኋላ ነግራኛለች። የዕድሩ ዳኛ ራሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ፤ ድንኳኑ ግን አልመጣም። ድንኳን የአባል ነው። የእኛ አግዳሚዎች ስላልበቁ ሰው ግቢው ውስጥ ቆሞ ቀረ፣ ዝናቡም ጀመረ። አባቴ አያለቅስም፤ መቀመጥም አልቻለም። ሻይ ላፍላ ይላል፣ ይነሳል፣ ያስቀምጡታል፣ ደግሞ ይነሳል።

ከዚያ ከጀርባችን የሚኖሩት ጎረቤታችን መጡ። የሸኮ ሰው ናቸው፤ ቡና ገበሬና የጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ። ቡና የሚያሰጡበትን ትልቅ ሸራ ተሸክመው ነበር። ሳይጠይቁ ከጣሪያችን ጫፍ እስከ አጥሩ ወጠሩት። ከእሳቸው ኋላ አግዳሚዎቹ በዝናብ ውስጥ ተከታትለው ገቡ፦ «ለካ»፣ «አትቸኩል»፣ «የሥጋ ዘመድ»። አባቴን መጀመሪያ ባገኙት ላይ ጎትተው አስቀመጡት። የሥጋ ቤቱ ነበር። በዚያ አገር አንድ የሥጋ ዘመድ የለውም፤ እኔ ይህን አይቼ ወደ ጓዳ ሮጥኩ።

ስመለስ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከባለቤታቸው ጋር ከአባቴ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጠጅ በዓይናቸው አይተው በማያውቁት ሰው ጉልበት ሥር አግዳሚው በትልልቅ ፊደል «ሚስቴ እንዳትሰማ» ይላል። ባለቤታቸው ጎንበስ ብለው አነበቡት። ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። ባል ደግሞ ጎንበስ ብለው አነበቡና «እኔ አላመጣሁትም! እኔ ሸራ ብቻ!» አሉ።

አባቴ ሳቀ። በእናቱ መርዶ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረና ያ ሁሉ የታፈነ ለቅሶ መጣ። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። አለመሄዱን አለቀሰው፤ በየዓመቱ እመጣለሁ እያለ የላከባትን መልእክት አለቀሰው።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናቴን «ለእነዚህ ሰዎች ምን አድርጌላቸዋለሁ?» ብሎ ጠየቃት።

«ምንም» አለችው። እናቴ ማባበል አትችልበትም።

አግዳሚዎቹን አንድ በአንድ በትከሻው ተሸክሞ ራሱ መለሰ። የመጨረሻውን ጠጅ ቤት አድርሶ ሲመጣ የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ ይዞ ነበር። አግዳሚዎቻችንን ግቢ አውጥቶ በጀርባቸው አስተኛቸውና እያንዳንዱ ላይ «ለጊዜው» ብሎ ጻፈ። ጽሕፈቱ ሲበዛ መጥፎ ነው፤ ቀለሙ ወርዶ ፊደሎቹ እግር አበቀሉ። እናቴ ምጣዷን ትታ በሩ ላይ ቆማ እስኪጨርስ አየችው።

ብዙም ሳይቆይ የሸራው ባለቤት የሆኑት የጎረቤታችን አማት አረፉ። አባቴ ጩኸቱን እንደሰማ ቁርሱን ለደንበኛ እንኳን ሳያቀርብ ሁለት አግዳሚ ደራርቦ ተሸከመና በጭቃው ወጣ። ከቤታችን ዕቃ ለሰው ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር። እናቴ ሟቿን አታውቃቸውም፤ ግን ከለቀስተኛው ሁሉ በላይ አለቀሰች።

ማታ ተመልሶ ጫማውን ደፍ ላይ እያራገፈ፣ ፊቷን ሳያይ፣ «ዕድሩ የሚሰበሰበው መቼ ነው?» አላት።

«እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ» አለችው፤ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ስትጠብቀው ነበር። ከዚያ ሚስማርና መዶሻ አምጪ ብላ ላከችኝ፣ የክት ልብሳችንን ሣጥንም ከአልጋው ሥር ጎትታ ከፈተችው።