የአያ ይማም ሞተር ሳይክል ቁጥር

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ጋሽ ተስፋዬ ላምባ የነካ ጨርቅ፣ ስስ ወረቀትና እርሳስ ሰጡኝና «ይኸው መሣሪያህ። አፍህን ግን ዛሬ አትጠቀምበት» አሉኝ። ቦታው ሐይቅ ከተማ፣ የአውራጃው ተሽከርካሪ ምርመራ ክፍል ነው። ክፍል ይባል እንጂ አንድ ጠረጴዛና አንድ የግራር ጥላ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የማይመዘገብ ነገር አልነበረም።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በድሮዎቹ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሞተሩ ቁጥር በግራ በኩል፣ ከሲሊንደሩ ሥር ተመትቷል። ቅባቱን በላምባ ትጠርጋለህ፣ ወረቀቱን ትለጥፍና እርሳሱን በጎኑ ታሻሸዋለህ፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ከዚያ ከሊብሬው ጋር ታስተያያለህ። ከገጠመ ማኅተም ይመታል። ካልገጠመ ወይም የተነካካ ከሆነ ሞተር ሳይክሉ ይወረሳል።

የመጀመሪያ ባለጉዳዬ አያ ይማም ነበሩ፤ የሐይቁን ዓሣ በቅርጫት አስረው ውጫሌ ድረስ የሚያደርሱ ነጋዴ። መምጣታቸው ከሞተሩ ድምፅ በፊት በዓሣው ሽታ ይታወቃል። ስድስት ልጆቻቸው የሚተዳደሩት በዚያ ሞተር ሳይክል ነበር።

ቁጥሩን አወጣሁ፤ ከሊብሬው ጋር ገጠመ። ግን አንዱ አኃዝ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሏል፤ ሰባቷማ ጎንበስ ብላለች። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ወር አልሞላኝም፤ ፋብሪካ ሁሉን ነገር ቀጥ አድርጎ የሚሠራ ይመስለኛል። ጋሽ ተስፋዬ ምሳ ሄደዋል። እኔ ሆዬ «ቁጥሩ በእጅ የተመታ፣ አጠራጣሪ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ለምን እዋሻለሁ፣ በደስታ ነው የፈረምኩት።

ወረቀቱ የቀበሌው ሊቀመንበር እጅ ለመግባት ሰዓት አልፈጀበትም። ሰውየው የራሱ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል እያለው የአያ ይማምን ከተመኘው ቆይቷል። «ግቢው ውስጥ ይታሰር፤ ነገ ጠዋት መጥቼ እረከበዋለሁ» አለ።

አያ ይማም መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ኧረ በአላህ! ወላሂ እኔ ቤንዚን ከመጨመር ሌላ አልነካሁትም!»

ጋሽ ተስፋዬ ሲመለሱ የጻፍኩትን አነበቡ።

«እንግሊዝ ቁጥሩን በምን የሚመታ ይመስልሃል?»

«በማሽን።»

«በመዶሻ ነው! ሠራተኛው ቆሞ አንድ በአንድ ይመታዋል። ቀጥ ብሎ የተሰለፈ ስታይ ያኔ ጠርጥር፤ ተጠንቅቆ የሚሠራ ሌባ ነው። ደግሞ ዙሪያውን እይ። የድሮው ቁጥር ተፍቆ ከሆነ የሞረድ ጭረት አይጠፋም።»

ሄጄ አየሁ። አንድም ጭረት የለም። አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ ፈራሁ።

በማግስቱ ሊቀመንበሩ በራሱ ሞተር ሳይክል መጣ። አያ ይማም ገና በማለዳ መጥተው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት» አልኩት።

«ፈርመሃል። የመንግሥት ወረቀት አይሳሳትም።»

አንገቴን ደፋሁ። ስደፋ ዓይኔ የእሱ ሞተር ላይ አረፈ። ቁጥሮቹ ለሰልፍ የቆመ ወታደር መስለዋል፤ ዙሪያቸውን ደግሞ የሞረዱ ጭረት ያብለጨልጫል። ጋሽ ተስፋዬን አየኋቸው፤ ዝናብ የሚጠብቁ ይመስል ሰማይ ሰማይ ያያሉ።

«እውነትዎን ነው» አልኩ፣ ጨርቄን ይዤ በርከክ እያልኩ። «እንግዲያው ለማነጻጸሪያ የእርስዎንም ቁጥር ላውጣና ሁለቱን አንድ ላይ ደሴ እንላካቸው። እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ይፍረዱ።»

እግሩን ቁጥሩ ላይ ደቀነበት። «የእኔ ተመርምሯል።»

«ማን መረመረው ጓድ?»

ሰዓቱን አየ። ቀጥሎ ስብሰባ እንዳለበት ትዝ አለው። «የሽማግሌውን ጉዳይ በሙያህ ጨርሰው» ብሎ ሞተሩን ረገጠ። አልነሳም። ደግሞ ረገጠ፤ አሁንም እምቢ። አያ ይማም ሮጠው ከኋላ ያዙለት። «አብሽር ጓድ፣ እኔ ልግፋልዎ!» ከግቢው እስኪወጣ ገፉት፤ እንዲህ ከልቡ የሚገፋ ሰው አይቼ አላውቅም።

ማኅተሙን ከመታሁ በኋላ ያንን ወረቀት ማንም ሳያዘኝ በራሴ መጻፌን ነገርኳቸው። ሊቀመንበሩ ያስጻፈኝ መስሏቸው ነበር። ትክ ብለው አዩኝ።

«በራስህ ነው? እኔኮ ለልጆቼ ምን እላቸዋለሁ እያልኩ ነው ያደርኩት።»

ጎንበስ ብዬ ጨርቄን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«በል ውጣ ከኋላ» አሉ በመጨረሻ። «የቅርጫቱ ገመድ ላልቷል፤ ዓሣውን አቅፈህ ትይዝልኛለህ።» እስከ ውጫሌ አቅፌ ሄድኩ። እዚያ ስንደርስ ሳቁብኝ፤ ምሳም ጋበዙኝ።

የሊቀመንበሩን ቁጥር ግን ደፍሬ አላወጣሁም። ያ ሞተር ሳይክልም እንደ አያ ይማም ያለ ባለቤት ነበረው ይሆናል። ቁጥሩን ደሴ ልኬው ቢሆን ማን እንደነበረ ሊታወቅ ይችል ነበር፤ ፈርቼ ተውኩት።

ለአዲስ ሠራተኛ የምለው ይህን ነው፦ ከቁጥሩ በፊት ዙሪያውን ያለውን ብረት እይ። ያላወቅከውን አላውቅም ብለህ ጻፍ። ያወቅከውንም ጻፈው።