አራተኛ ክፍልን ለሦስተኛ ጊዜ

ከጓሳ ደጋ ጥግ ያለው ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ያልቃል። ከዚያ በላይ መማር የሚፈልግ ልጅ ስንቁን ተሸክሞ ራቤል ከተማ ይሄድና ቤት ይከራያል። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ማለቴ ነው፤ ወጡንም ራሱ ይሠራል። እኔ በዚያ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነኝ። ሥራዬ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግርና በፈረስ እየዞርኩ ትምህርቱ ጥራት እንዳለው ማየት ነው። ብርዱን ማየት የሥራዬ አካል አይደለም፤ ግን እሱንም አየዋለሁ።

እዚያ ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ ነበረች። ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች፣ በዓመቱ መጨረሻ ግን ትወድቃለች። መጀመሪያ ሳየው የጽሕፈት ስህተት መሰለኝ። በዓመቱ እንደገና አንደኛ ወጥታ እንደገና ወደቀች። ይኼኔ ደሜ ፈላ። ፈረስ አስጭኜ ሄድኩና ርእሰ መምህርም፣ የአራተኛ ክፍል አስተማሪም የሆነውን ወጣት አፋጠጥኩት። አንደኛ የወጣ ልጅ የሚወድቀው በየት አገር ነው አልኩት። ሁለተኛ የወጣውስ ምን ሊውጠው ነው?

አንገቱን ደፍቶ፣ አባቷ መጥተው ልጄን ጣልልኝ እንዳሉት ነገረኝ። መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። እሳቸው ግን በማግስቱም መጡ፣ በሳልስቱም መጡ። ልጄን አሳልፍልኝ ብሎ ደጅ የሚጠና ወላጅ አይቶ ያውቃል፤ ጣልልኝ ብሎ ደጅ የሚጠና ሰው እንዴት እንደሚመለስ ግን ኮሌጅ አላስተማሩትም። በመጨረሻ ጣላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ልጅቷ ራቤል ሄዳ ብቻዋን ቤት ተከራይታ እንድትኖር ሆዳቸው አልቻለም። ቤት ከዋለች ደግሞ ሽማግሌ ይላክባታል። ከላይኛው መንደር ያለ አንድ ቤተሰብ ለልጁ ሊያጫት ካሰበ ቆይቷል። አባቷ፣ ገና ተማሪ ናት እያሉ ሽማግሌዎቹን በክብር ይመልሳሉ። ተማሪ ሆና የምትቆይበት መንገድ ደግሞ አራተኛ ክፍልን መድገም ብቻ ነበር። ልጅቷም ተስማምታለች። እንዲያውም ሐሳቡ የእሷ ነው ይላሉ።

ተመልሼ አምስተኛ ክፍል ይከፈት ብዬ ለወረዳው ጻፍኩ። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ይመዘን፣ ደረጃውን ካሟላ ይታያል የሚል መልስ መጣ። እስኪመዘን ድረስ ልጅቷ አራተኛን ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች። ገና ከምዝገባው በፊት ወሬው ተሰምቶ ሌሎች ወላጆችም፣ በተለይ ሴት ልጅ ያላቸው፣ የእኔንም ጣልልኝ ብለው አስደገሙ።

መዛኞቹ በግንቦት መጡ። መኪናው መንገድ ሲያልቅበት የቡድኑን መሪ ፈረስ ላይ አወጣናቸው። ከተማ ያደጉ፣ ጨዋ ሰው ናቸው፤ መንገዱን ሙሉ ፈረሱን እባክህ እያሉ ነው የመጡት። ደርሰው ክፍሎቹን ሲያዩ ግራ ገባቸው። ሌላ ቦታ አንደኛ ክፍል ይሞላና ወደ ላይ ሲወጣ እየሳሳ ይሄዳል። እዚህ አራተኛ ክፍል ልጆቹ ከመጨናነቃቸው የተነሳ መስኮቱ ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ይህን ሁሉ ልጅ የሚጥል መምህር ማስተማር አይችልም ማለት ነው፤ መመዘኛው እንደዚያ ይላል። እሳቸውም እንደዚያው አሉ። መምህሩን በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀው።

መሪው ይለይለት ብለው፣ መዝገቡ ላይ ሁለት ጊዜ የወደቀችውን ልጅ አስነሱና አንብቢ አሏት። መጽሐፉን ሳትገልጥ፣ ስንተኛውን ገጽ ብላ ጠየቀቻቸው። ነገሯት። ገጹን በቃሏ ወጣችው፤ መልመጃውንም ከነመልሱ ጨመረችላቸው። መጽሐፉ ላይ እየተከተሏት ቆዩና፣ ይቺ ልጅ ታዲያ ለምን ወደቀች ብለው መምህሩን ጠየቁት። መምህሩ እኔን አየ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

አባቷ የወላጆች ኮሚቴ አባል ስለሆኑ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው በሩ ጋ ቆመው ነበር።

"ያስጣልኳት እኔ ነኝ፤ መምህሩን አትውቀሱት" አሉ። "አምስተኛ ክፍል አምጡልኝና ዛሬውኑ ትለፍ። እንዲሁ ጨርሳለች ካልኩ ግን፣ ነገ ደጄ የሚቆሙትን ሽማግሌዎች በምን አፌ እመልሳለሁ?"

ልጅቷ አልተቀመጠችም። ወለሉን እያየች ቆማ ቀረች። መሪው ወረቀታቸውን አገላብጠው፣ እንዲህ ያለው ምክንያት መመዘኛው ውስጥ የለም ብለው በትሕትና ነገሩኝ። እስከዚያች ሰዓት ጨዋ ነበርኩ።

"ጌታዬ፣ እነዚህ ልጆች ትምህርት አቅቷቸው አይደለም የደገሙት" አልኳቸው። "ትምህርቱ ነው ያለቀባቸው።"

ጮኬ ነበር መሰለኝ፤ ከማዶ ፊደል ሲቆጥሩ የነበሩት አንደኛ ክፍሎች ጸጥ አሉ። መሪው ምሳቸውን በልተው፣ ፈረሱን እባክህ ብለው፣ ተመለሱ። በቃ፣ በገዛ አፌ አበላሸሁት ብዬ ብዙ ቀን እህል አልበላ አለኝ።

ሪፖርቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ከደረጃ በታች ተብሏል። ዋናው ድክመቱ የደጋሚዎች ብዛት ነው። እንደ መፍትሔ የቀረበው ደግሞ፣ የደጋሚዎችን ቁጥር ለመቀነስ በአስቸኳይ አምስተኛ ክፍል ይከፈት የሚል ነበር። ደጋግሜ አነበብኩት። እግዜር ይስጣቸው፣ ሰውየው መላ አላጡለትም። ክረምቱ ሳይጠና ወላጆች ድንጋይ ፈልጠው ግድግዳውን አቆሙ፣ ቆርቆሮውን በአህያ አመጡ። በመስከረም አምስተኛ ክፍል ተከፈተ።

ትምህርት በተጀመረ ሰሞን ላያቸው ሄድኩ። ልጅቷ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ አዲሱን መጽሐፍ እየገለጠች ታነባለች። አልዋሽም፣ እንባዬ መጣ። አባቷም ሽማግሌዎቹ ሰሞኑን ደግመው እንደመጡና፣ ገና አምስተኛ ናት ብለው እንደሸኟቸው እየኮሩ ነገሩኝ። ሁላችንም ደስ ብሎናል። እኔ ግን አርፌ አልቀመጥም፣ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት፤ አምስተኛን ስትጨርሺስ፣ ያኔ ራቤል ትሄጃለሽ አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ይህን ያህል ጊዜ ስመላለስ ነገሩ እንዴት እንዳልገባኝ የገረማት ትመስላለች።

"ስድስተኛ እስኪመጣ እደግማለኋ" አለችኝ።